የቤተሰብ ስም ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም

በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። በእንግሊዝ ግን አንድ የቤተሰብ ስም ለስድስት መቶ ዓመታት ያህል ሳይለወጥ ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ስሙን የያዘ ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ይመስላል። ይህን እምነት ገበያ አድርገው «የቤተሰብዎ አርማ» እያሉ ጋሻና አንበሳ የታተመበት ወረቀት የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ገዢው እየተታለለ ነው። በእንግሊዝ ከ1484 ጀምሮ የቆየው የአርማ መዝጋቢ ተቋም እንደሚያስረዳው፣ አርማ የሚሰጠው ለግለሰብና ለሕጋዊ ወራሾቹ እንጂ ለስም አይደለም። ስም ስለ ቦታና ስለ ኑሮ ብዙ ይናገራል፤ ዝምድናን ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

ሳይክስ የሚለውን ስም እንመልከት። መሠረቱ በምዕራብ ዮርክሻየር፣ በተለይም በሃደርስፊልድ ዙሪያ ነው። ቃሉ ትንሽ ጅረትን ወይም ቦይን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ውኃ ብዙ ጊዜ የመሬት ወሰን ነበር። በየመንደሩ ጆንና ዊሊያም የሚባለው ሰው ስለበዛ፣ ጅረቱ ዳር የሚኖረው በጅረቱ ተለየ። መጀመሪያ ላይ ይህ የሰውዬው መለያ ብቻ ነበር፤ ሰፈር ቢለውጥ ሊቀርለት ይችል ነበር። ስሙን ወደ ልጅ ልጅ ያሻገሩት የመሬት ውርስ፣ የባላባቱ ችሎትና ግብር ናቸው። በ1379 ከምዕራብ ዮርክሻየር የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር ዝርዝር ዛሬም አለ። በየመንደሩ የከፋዩ ስም ከነገንዘቡ ሰፍሮበታል፤ ተራው ገበሬ የከፈለው አራት ፔኒ ነበር። በ1538 ደግሞ ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ።

ስም ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም የሚለውን ሐሳብ ሳይንስ አፍርሶታል የሚል ሰው አይጠፋም። የኦክስፎርዱ የዘረመል ሊቅ ብራያን ሳይክስ በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ስሙን በሚጋሩ 48 ወንዶች ላይ መርምሮ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። ጅረት በየሸለቆው እያለ ይህን ያህል ሰው ከአንድ የአባት መስመር መገናኘቱ በእውነት ያስደንቃል። ሊቁም ስሙ ከአንድ ሰው ሳይጀምር አይቀርም አለ። የቀሩትስ? እነርሱን ያስረዳው በየትውልዱ ጥቂት ጥቂት እያለ በተጠራቀመ፣ ከሌላ አባት በመወለድ ወይም በጉዲፈቻ በገባ ልዩነት ነው። አነሳሱ ልክ ከሆነ እንኳ፣ የአባት መስመሩ በተቋረጠበት ቤት ሁሉ ስሙ ቀጥሏል ማለት ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 አርባ ስሞችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ፣ እንደ አተንቦሮ ያለውን ብርቅ ስም የያዙት አብዛኞቹ አንድ የአባት መስመር ተጋርተዋል። ስሚዝ የሚባሉት ግን ከማንኛውም ሌላ እንግሊዛዊ ይልቅ እርስ በርስ የተዛመዱ ሆነው አልተገኙም፤ ስሙ የብረት ሠሪ ነውና፣ ብረት ሠሪም በየቦታው ነበር።

«ሰው በስሙ ቢኮራ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ኩራቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው እናቶችን የሚሰርዝ መሆኑን ነው። ወደ ኋላ አሥር ትውልድ ሲቆጠር አንድ ሰው እስከ 1,024 አያቶች ይኖሩታል፤ የቤተሰብ ስም የሚከተለው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው። ዘመዶቹን የሚፈልግ ሳይክስ አርማ ከመግዛቱ በፊት የደብሩን መዝገብ ይክፈት፤ ከአባቱም ከእናቱም ወገን፣ ከልጅ ወደ ወላጅ እያለ፣ አንድ በአንድ ይውጣ።