ስለ ወፎች አብሮ መዞር

በሮማ ከተማ በብርድ ወራት፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ ፈረንጆች ስታርሊንግ የሚሏት ትንሽ ጥቁር ወፍ በብዙ ሺህ እየሆነች በባቡር ጣቢያው አጠገብ በሰማይ ላይ ትሰበሰባለች። መንጋው እንደ ጢስ ይዘረጋል፥ እንደ ኳስም ይጠቀለላል፤ ጭልፊት ሲመጣበት ሁሉም ባንድነት ይዞራል።

ይህን ያየ ሰው «የሚያዝዛቸው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኤድመንድ ሲሉስ የተባለ እንግሊዛዊ ብዙ ዘመን ወፎችን በትዕግሥት ሲመለከት ከኖረ በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወፎች ሐሳባቸውን ከልብ ወደ ልብ ያስተላልፋሉ ብሎ ገመተ። ትዕግሥቱ ሊመሰገን ይገባል፤ ግምቱ ግን ላልታወቀ ነገር ስም ማውጣት እንጂ ማወቅ አልነበረም። የሰው ዓይን ሺህ ወፍ ባንድ ጊዜ ሊከተል አይችልምና፤ ዓይን ያልደረሰበትንም አንደበት ቢሞላው ከንቱ ነው።

የኢጣሊያ የፊዚክስ ሊቃውንት፥ እነ አንድሬያ ካቫኛ፥ በ2021 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለውም ጆርጆ ፓሪዚ፥ ሌላ መንገድ መረጡ። ከ2005 እስከ 2007 ድረስ በጣቢያው አቅራቢያ ባለው በፓላሶ ማሲሞ ቤተ መዘክር ሰገነት ላይ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያዎችን 25 ሜትር አራርቀው ተከሉ። ሁለት ዓይን ያለው ሰው ርቀትን እንዲለይ፥ እነርሱም መንጋውን ከሁለት ወገን ባንድ ቅጽበት፥ በሰከንድ 10 ጊዜ እያነሡ፥ የእያንዳንዲቱን ወፍ ስፍራ በሒሳብ አገኙ። አድካሚው ሥራ ማንሣቱ አልነበረም፤ በአንዱ ሥዕል ላይ ያለችው ነጥብ በሌላው ላይ የትኛዋ እንደ ሆነች መለየቱ ነበር እንጂ፤ ሁሉም ጥቁር ነጥብ ነውና።

በ2008 የገለጡት ነገር ይህ ነው። እያንዳንዲቱ ወፍ መንጋውን ሁሉ አትከተልም፤ በአማካይ ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑ የቅርብ ጎረቤቶቿን ብቻ ትከተላለች፤ ቢቀርቡም ቢርቁም ቍጥራቸው ያው ነው። ስለዚህ ጭልፊት መንጋውን ቢያሳሳው እንኳ ጎረቤት አጥታ የምትቀር አትኖርም። በ2014 ደግሞ መዞሩ በጥቂት ጎረቤታሞች ተጀምሮ፥ በሰከንድ ከ20 እስከ 40 ሜትር እየተጓዘ ለመንጋው እንደሚዳረስ ለክተው አሳዩ። ባንድነት የሚመስለው ፍጥነቱ ዓይንን ስለሚያታልል ነው።

መለኪያ የፍጥረትን ድንቅነት ያጠፋል ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ያለ አዛዥ፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ብቻ የሚተላለፍ ሥርዓት፥ ከሲሉስ ግምት ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከሚዛኑ አላመለጡም፤ ብዙዎቹ አስቀድመው፥ ወፍ የምትከተለው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነው ብለው በሒሳብ ጽፈው ነበር፤ የተለካው መንጋ ግን ያን ሒሳብ አልተቀበለውም።