ለዓሣ ማጥመድ ውድድር የመንጋው ገንዘብ አይነካ

ካሳራኒ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስታዲየሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች፣ በ2017 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂደውበታል። ባሕርም ሆነ ትልቅ ሐይቅ በአጠገቡ የለም። ይሁንና እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይቶ በሞያሌ መንገድ ሰንጋና ፍየል የሚነግድ ሰው የዓሣ ማጥመድ ውድድር ልጀምር ቢል ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ናይቫሻ ሐይቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። በባቡር ሞምባሳ ወርዶ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ደግሞ በዚህ ስፖርት የታወቁት ዋታሙና ማሊንዲ አሉ። ከባዱ ጥያቄ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ወቅትና በምን አካሄድ ይጀመር የሚለው ነው።

ቱርካናን ወይም ጫሞን ያየ ነጋዴ ዓሣን የሚያውቀው በገበያ ነው። በሁለቱም ሐይቆች የሚገኘው ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ናስር ሐይቅ በዘንግ ተይዞ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነው 104 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በገበያ የሚሸጠው የሞተው ዓሣ ነው፤ በውድድር ግን ዋጋ ያለው በሕይወት ያለው ነው። በአሜሪካ ሬይ ስኮት የተባለ የኢንሹራንስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1967 እያንዳንዳቸው 100 ዶላር የከፈሉ 106 ተወዳዳሪዎችን በቢቨር ሐይቅ ሰብስቦ ባስ የተባለውን ዓሣ አወዳደረ። በ1972 ደግሞ ዓሣው በሕይወት ተመዝኖ ወደ ውኃው እንዲመለስ የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። ዛሬ በዚህ ዓይነት ውድድር የሞተ ዓሣ ይዞ የመጣ ነጥብ ይቀነስበታል። በኬንያ ዳርቻም ሴልፊሽና ማርሊን ምልክት ተደርጎባቸው መለቀቃቸው የተለመደ ሲሆን፣ መዝገቡን ዋታሙ የሚገኘው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን ይይዛል።

የቁም እንስሳት ነጋዴ ይህን ሕግ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። መኪና ላይ ተረግጦ የሞተ ሰንጋ ሞያሌ ላይ ስንት እንደተገዛ ናይሮቢ ላይ የሚጠይቅ የለም።

ጀማሪ የሚሳሳተው በክሩ ላይ ነው። ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመ ሲሆን ክሮችን በጥንካሬያቸው ይመድባል። ዓሣው ከነከሰ በኋላ ሌላ ሰው ዘንጉን ቢነካ የተያዘው አይመዘገብም። በብዙ ውድድሮች በቀጭን ክር መያዝ የበለጠ ነጥብ ያስገኛል። ነገር ግን ክሩ በቀጠነ መጠን ትግሉ ይረዝማል። ትግሉ ሲረዝም በዓሣው ጡንቻ አሲድ ይከማቻል፤ ከተለቀቀም በኋላ ሊሞት ይችላል። ከመታረዱ በፊት ብዙ ተነድቶና ተጨናንቆ የደከመ በሬ ሥጋው እንደሚጠቁረው ሁሉ ዓሣንም ድካም ይጎዳዋል። ስለዚህ ጀማሪ ነጥቡ ቢያንስም በወፍራም ክር ይጀምር። መንጠቆው ክብ ይሁን፤ ክብ መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከንፈር ላይ ስለሆነ ሆድ ዕቃ አይጎዳም። ለፎቶግራፍ ተብሎም ትልቅ ዓሣ ከውኃ አይውጣ።

ልምምዱ ብዙ ወጪ የለውም። መንጠቆ በሌለው እርሳስ ክር መወርወር በካሳራኒ ሜዳ ላይ መለማመድ ይቻላል፤ ቋጠሮውም ማታ ቤት ውስጥ ይጠናል። ቀጥሎ ናይቫሻ አለ። ባስ ከአሜሪካ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ በሐይቁ ካርፕም ይገኛል። ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ። ጉማሬ ሰው ይገድላልና ሐይቁን በሚያውቅ ጀልባ ነጂ ይኬድ፤ የደኅንነት ጃኬትም ይለበስ። ከዚያ በኋላ በዋታሙ ወይም በማሊንዲ በአነስተኛ ውድድር የጀልባ ኪራይ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ፣ በጀልባው ዕቃ መወዳደር ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ውድ ዘንግ መግዛት፣ ከዚያም አልፎ የጀልባ ድርሻ መግባት፣ ገና መንገዱን ሳያውቁ የጭነት መኪና እንደመግዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ ገንዘቡ። በባሕሩ ዳር የማርሊንና የሴልፊሽ ዋና ወቅት ካስካዚ የሚባለው ነፋስ የሚነፍስበት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። ይኸው ወቅት በቦረና ረጅሙን ደረቅ ወቅት፣ ቦናን ይዞ ይመጣል። ሣር የሚያልቀው፣ ከብት የሚከሳው፣ አርብቶ አደሩ እህል ለመግዛት የሚሸጠው በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙ ከብት ደግሞ የሚነሳው በዱቤ ነው። ናይሮቢ ላይ ተሽጦ በነጋዴው ስልክ የገባው ገንዘብ ገና የነጋዴው አይደለም፤ አብዛኛው ቦረና ላይ የሚጠብቀው ባለቤት አለው። ለጀልባ ኪራይ የተከፈለ የአንድ ሳምንት ገንዘብ አርብቶ አደሩን ያንኑ ሳምንት ያስጠብቀዋል፤ የጠበቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከብቱን ለሌላ ይሰጣል።

ባሕር ዳር ካሉ ሆቴሎች ጋር ያስተዋውቃል፣ ስለዚህ ወጪው የንግድ ወጪ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ትውውቁ እውነት ነው፤ ሆቴል ሥጋ ይገዛል። ሆኖም ሆቴሉ ውል የሚፈጽመው በጤናማ ከብትና በቀኑ በደረሰ አቅርቦት ነው፤ ሁለቱንም የሚያስገኘው በወቅቱ የተከፈለ አርብቶ አደር ነው። በየውድድሩ ጎን የሚዋጣው የውርርድ ገንዘብ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሽልማትን ገና ሳይገኝ በገቢ ውስጥ የቆጠረ ሰው ዕዳውን በዓሣ ዕድል ላይ አስቀምጧል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን። አርብቶ አደሩ፣ ሹፌሩ፣ ደላላውና ኬላው ከተከፈሉ በኋላ ከተረፈው ትርፍ ላይ ብቻ ለዓመቱ አንድ መጠን ይመደብ፤ ሲያልቅ ውድድሩም ለዓመቱ ያብቃ። ዝናብ በቀረበት ዓመት ጭራሽ አይመደብ። ዓሣው በሚቀጥለው ካስካዚም ይመጣል፤ በዱቤ ከብቱን አምኖ የሰጠ ሰው ግን አንዴ ከተከዳ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።