«2:00 ከሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

ወዳጆች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዛሬ ጠቤ ከፕሮግራመሮቻችን ጋር ነው። የኮምፒዩተር ሰው አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። ግን ነገሩ እናቴን ነካ፤ ስለዚህ ይመለከተኛል።

እናቴ የዓይን ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ ወራት ጠብቃለች። ቀኑ ሲደርስ የሕክምና ተቋሙ በስልኳ የአማርኛ መልእክት ላከላት፦ ቀጠሮዎ «8:00 ጥዋት» ነው። እናቴ ቁጥር ታምናለች። 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው፤ «ጥዋት» የምትለዋ ቃል በስህተት የገባች መሰላት። ምሳዋን በልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ቀጠሮው ለካ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ሌላ ሁለት ወር ጠብቂ ተባለች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ «እማማ፣ ጥዋት የሚለውን አላዩትም?» አለቻት።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በአማርኛ «ጠዋት 8 ሰዓት» የሚባል ነገር አለ እንዴ?

ጠያይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ «ሎኬል» የሚባል ቅንብር አለ። ሁለት ነገር ይናገራል፦ የተጠቃሚውን ቋንቋና አገሩን። ለእኛ ግማሹ «አማርኛ»፣ ግማሹ «ኢትዮጵያ» ይላል። ሁለቱ የተለያዩት በምክንያት ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ዘመዴ ስልኩን በአማርኛ ያደርጋል፣ ቀጠሮው ግን በአሜሪካ ሰዓት ነው። በሌላ በኩል ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የመረጠ ኢትዮጵያዊ ቋንቋው ይለያል እንጂ የሚኖርበት አገር አንድ ነው። አንድ ፕሮግራም ቀን ወይም ሰዓት ከማሳየቱ በፊት ይህን ቅንብር መጠየቅ አለበት። ጥያቄው የአንድ መስመር ኮድ ነው።

የኛ ፕሮግራሞች ግን ወይ ጭራሽ አይጠይቁም፣ ወይ የማይመለከተውን ይጠይቃሉ። ሲስተሙ የተጫነው ውጭ አገር በተከራየ ሰርቨር ላይ ከሆነና ኮዱ «እዚህ ያለው ቅንብር ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ የሚመልስለት ሰርቨሩ እንጂ እናቴ አይደለችም። የሰርቨሩ ቅንብር የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ወር ከቀን ይቀድማል። 05/06/2024 ሜይ ይሁን ጁን፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም፣ አንባቢው ይጠንቁል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። ዩኒኮድ ኮንሶርሺየም የሚያስተዳድረው «ሲኤልዲአር» የሚባል የጋራ መዝገብ አለ፤ ታላላቆቹ የስልክና የኮምፒዩተር ሲስተሞች የየአገሩን ልማድ ከዚያ ይወስዳሉ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እዚያ አለ፤ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱም ወራት ተመዝግበዋል። ሆኖም ለኢትዮጵያ በቀዳሚነት የተቀመጠው የጎርጎርዮሳውያኑ ነው፤ የራሳችን ሁለተኛ ነው። ለታይላንድ ቀዳሚው የቡድሂስት አቆጣጠር ነው፣ ለኢራን የፋርስ። ስለዚህ ታይላንዳዊው 2024ን 2567 ብሎ ሲያነብ፣ የእኛ ስልክ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎም የፈረንጁን ቀን በአማርኛ ፊደል ይነግረናል።

ሰዓቱ ይብሳል። ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሕዝብ መዝገቡ ቦታ የለውም። የተተረጎሙት ቃላት ብቻ ናቸው፤ ለቀትር በፊት «ጥዋት»፣ ለቀትር በኋላ «ከሰዓት»። ውጤቱን እዩት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተላከ መልእክት «2:00 ጥዋት» ተብሎ ይታያል፤ ይህ ለማንኛውም አማርኛ አንባቢ ሰው ቢሮ የሚገባበት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አውቀን 6 እንደምርበት ነበር። ግማሽ ትርጉም ካለመተርጎም የከፋ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት አባቶች ይህን ያዩ ይመስላል።

መልሱን አውቀዋለሁ፦ «ዓለም የሚሠራው በአንድ አቆጣጠር ነው፤ አየር መንገዱ፣ ባንኩ፣ ፓስፖርቱ።» እውነት ነው። ግን ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሳየት ሌላ። ሲስተሙ በውስጡ በፈለገው አቆጣጠር ያስቀምጥ፤ እናቴ ፊት ሲቀርብ በእናቴ አቆጣጠር ይናገር። ሒሳቡም ከባድ አይደለም፦ 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6። ይህን ያልቻለ ሲስተም የባንክ ወለድ እንዴት አድርጎ ያሰላል?

«ፈረንጆች ናቸው የረሱን» የሚለውንም አልቀበልም። መዝገቡ ክፍት ነው፤ ማንም ጥያቄና ማስተካከያ ማቅረብ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ የእናቴን መልእክት የላከው ሲስተም በአማርኛ የሚጽፈው ለኢትዮጵያዊ ታካሚ ነው። ያንን ኮድ የጻፈው ሰው «8:00» ከሚለው ፊት «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» እንዲል ለማድረግ ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር።

ስለዚህ ለአገሬ ፕሮግራመሮችና ሥራውን ለሚያዟቸው መሥሪያ ቤቶች አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ቅንብሩን ከሰርቨሩ ሳይሆን ከተጠቃሚው ጠይቁ፤ ስልኩ ካልነገራችሁ እሱን ራሱን በአንድ ጥያቄ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ቀን ስትጽፉ ወሩን በስም ጻፉት፤ «ዓ.ም.» ይሁን «እ.ኤ.አ.» ለዩ።

ሦስተኛ፣ በአማርኛ ሰዓት ስትጽፉ ሰው እንደሚናገረው ጻፉ፤ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» እያላችሁ።

አራተኛ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የትውልድ ቀን ቦታው ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ብላችሁ ሞክሩ። ካልተቀበለ ሥራው አላለቀም። መሥሪያ ቤቶችም ይህን በጨረታ ሰነዳችሁ ላይ አስገቡት፤ ያልተጠየቀ ነገር አይሠራም።

እናቴ በሁለተኛው ቀጠሮ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሄዳ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ 8 ሰዓት ቢሆንም ልጠብቅ ብላ። ያ የአንድ መስመር ኮድ ያልተጻፈበት ዋጋ ነው፤ የከፈለችው ደግሞ እሷ ናት።