ዋንዛን ለማገዶ?

ሰኞ ዕለት ዊንጌት፣ ከታክሲ መያዣው ወረድ ብሎ የፈረሰ ቤት እንጨት የሚሸጥበት ግቢ ገባሁ። በርና መስኮቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቆርቆሮው ለብቻው ተቆልሏል። ጥግ ላይ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ ቡፌ ተጋድሟል። ከውስጥ በኩል በቁልፌ ጫር ሳደርገው ቡናማው ብቅ አለ፤ ዋንዛ ነው። መሳቢያውን ሳብኩት። ማዕዘኑ ላይ አንድ ሚስማር የለም፤ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሶ በኮላ ተይዟል። ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ልጅ ምን አለኝ? «እትዬ፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው። ገዢ ካጣ ለማገዶ እንፈልጠዋለን።»

የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ዋንዛ ለማገዶ ሲፈለጥ ማየት አልችልም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱም ያንገበገበኝ ይኸው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ጫካ ውስጥ እንዳይነካ አዋጅ የወጣለት እንጨት፣ ደርቆና ተገጣጥሞ ደጃችን ሲደርስ እንዴት ይፈለጣል?

ቡፌውን የገዛሁት ኪችኔን እያደስኩ ስለሆነ ነው። የቺፑድ ካቢኔቴ ከዕቃ ማጠቢያው ስር ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ የማጠፊያው ቪቴ በጣት ይነቀላል። ቺፑድ በሙጫ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ስለሆነ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ወጥ እንጨት ግን ቪቴው ቢላላ ቀዳዳውን በስንጥር ደፍኖ መልሶ ማሰር ነው። አዲሱ ያብረቀርቃል የሚሉኝ አሉ። ይብረቅርቅ፤ እኔ የምፈልገው ድስቴን የሚሸከም ነው።

ያገለገለ ካቢኔት ልትገዙ ስትወጡ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ከስሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ካፈሰሰ ነቀዝ በልቶታል፤ እሱን ተዉት። ቀለሙ ግን አያስመርራችሁ።

አናጢው ማክሰኞ መጥቶ ቡፌውን ለካው፤ ቁመቱ 78 ሴንቲ ሆነ። «90 እናድርገው፤ የኪችን ልክ እሱ ነው» አለኝ። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልቻ ላይ አጎንብሳ ነው ያበሰለችው። በስተርጅና ቆማ የምትሠራበት ኪችን ብናሠራላት መክተፊያው ደረቷ ጋ ደረሰ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣ ነበር። ወር ሳይሞላ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። እኛም እልኸኛ ናት አልን። የያኔው አናጢ ግድግዳውን ለካ፣ ምድጃውን ለካ፤ እሷን የለካት የለም። እኔም ልጇ አልለካኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«90ውን ተወውና እኔን ለካኝ» አልኩት። አናጢው ትንሽ አፈር አለ፤ ከዚያ ሜትሩን ከወለሉ እስከ ክርኔ ዘረጋ። 97 ሴንቲ። የመክተፊያ ገበታ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ሲል ነው ትከሻ የሚያርፈው። 85 ላይ ተስማማን። የጎደለውን 7 ሴንቲ እግር ከዚያው ከቡፌው የላይኛው መደርደሪያ ያወጣለታል፤ ቅዳሜ ጠዋት መጋዙን ይዞ ይመጣል።