ካቢኔቱን ሸፈንነው፤ ልጁንስ?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የግንበኛ እንጂ የሐኪም ላይመስል ይችላል። የወጥ ቤት ካቢኔት ከቦታው ሳይነሳ በዙሪያው ያለውን አሮጌ ሴራሚክ ስለ ማስነቀል ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አንድ ምሽት የአራት ዓመት ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እናቱ «ዶክተር፣ ብርድ መትቶት ነው» አለችኝ። ልጁ አስም አለበት፤ ሆኖም ለወራት ደህና ነበር። ኦክስጅንና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተነው ትንፋሹ ሲረጋጋ ፀጉሩን አየሁት፤ ነጭ ዱቄት ለብሷል።

«ወፍጮ ቤት ውላችሁ ነው?» አልኳት።

«ኧረ የለም። ሴራሚክ እያስነቀልን ነው። ካቢኔቱ አዲስ ስለሆነ እንዳይበላሽብን ዙሪያውን በግራይንደር እየቆረጡት ነው።»

ካቢኔቱን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳት። በላስቲክና በአንሶላ ጥሩ አድርገው ጠቅልለውታል። ልጁ ግን ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል በሩ ክፍት ሆኖ ተኝቶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ እንደገና ታሞ መጣ። የመንቀሉ ሥራ አልቋል፤ ነገር ግን ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ ጠርገውት አቧራው እንደገና ተነስቷል።

እናትየዋን አልወቅሳትም፤ ማንም አልነገራትም። ለካቢኔቱ እንድትጠነቀቅ ግን ሁሉም ነግሯታል።

እኔ ሴራሚክ አይነጠፍ የምል ሰው አይደለሁም። በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር በባዶ እግር መሄድ ለዝሆኔ በሽታ እንደሚያጋልጥ እናውቃለን፤ ስለዚህ የሚታጠብ ወለል ለቤተሰብ ጤና መልካም ነው። በቢቸናም በሞጣም ከጭቃ ወለል ወደ ሊሾ፣ ከሊሾ ወደ ሴራሚክ የሚሸጋገር ቤት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች ወጥ ቤቱ ከሳሎንና ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የተነሳ አቧራ ልጆች አልጋ ላይ ያርፋል።

ይህ አቧራ ደግሞ እንደ መንገድ አቧራ አይደለም። ሴራሚኩም ሆነ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶና የአሸዋ ልስን ሲሊካ የሚባል ማዕድን አላቸው። በደረቁ ሲቆረጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል፤ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፣ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን ብናኝ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ሳላስፈራራ እውነቱን ልንገራችሁ። በጥቂት ቀን እድሳት ልጃችሁ የሲሊካ የሳንባ በሽታ ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ እሱ በአብዛኛው የዓመታት ሥራ የሚያመጣው ነው። የልጁ አደጋ የአስም መነሳት፣ ሳልና የዓይን ጉዳት ነው። አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ ሕፃን ከዚያ በላይ ስለሚተነፍስ ለክብደቱ ሲሰላ የሚስበው አቧራ ይበዛል።

የዓመታቱ አደጋ ያለው ሠራተኛው ላይ ነው። ሴራሚክ የሚሠራ ወጣት ዓይኑን ታሞ መጥቶ ስለ ማስክ ስጠይቀው «ለምደነዋል» አለኝ። ሳንባ ግን አቧራ አይለምድም። ሲሊካ ያጠቃው ሳንባ አይድንም፤ ለቲቢም ይበልጥ ይጋለጣል፣ አገራችን ደግሞ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቀን ሠራተኛው የሌላ እናት ልጅ መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ካቢኔቱን ለማዳን ሲባል ዙሪያውን በደረቁ በግራይንደር ማስቆረጥ ይቅር። ሌላ መንገድ አለ።

1. መጀመሪያ «መንቀል ግድ ነው?» በሉ። አሮጌውን ሴራሚክ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ባዶ ድምፅ የማይሰጥና ያልተነቃነቀ ከሆነ፣ በላዩ ማንጠፍ ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። የወለሉ ከፍታ ስለሚጨምር በሮቹን አስቀድማችሁ ለኩ።

2. መንቀል ግድ ከሆነ የታችኛውን ካቢኔት ብሎኑን አስፈትታችሁ አውጡት። ካልተቻለ፣ ከፊቱ ያለው የእግር መሸፈኛ ጣውላ የሚነሳ ከሆነ አንሱት። የሴራሚኩ ጠርዝ ከኋላው ስለሚደበቅ ጥርት ብሎ መቆረጥ አያስፈልገውም፤ በመሮና በመዶሻ ውኃ እየረጩ መንቀል ይቻላል።

3. መቁረጥ የግድ ከሆነ ውኃ እየረጨ እንዲቆርጥ በተሠራ ማሽን ይሁን። በተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውኃ አታፍስሱ፤ ሰው ይገድላል።

4. ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና አስም ያለባቸው እዚያ ቤት አይደሩ። ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋ ይሁኑ፤ የሚመለሱት ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ ነው። የወጥ ቤቱን በር በላስቲክ ዝጉት፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን መስኮት ክፈቱት።

5. በደረቁ አትጥረጉ። ፍርስራሹን ውኃ ረጭታችሁ በጆንያ አውጡ። ዱቄትና በርበሬ አስቀድማችሁ ከወጥ ቤት አውጡ፤ ዕቃውን ሳታጥቡ አትጠቀሙበት።

6. ለሠራተኛው ኤን-95 ማስክና የዓይን መነጽር ግዙለት። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያግድም።

7. አሮጌ ዘይት ቀለም የተቀባ ካቢኔት ካላችሁ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አታስፍቁት። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ገድባለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ሲሚንቶ ወይም አቧራ ዓይን ከገባ አትሹት፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውኃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ልጅ ከ2 እስከ 11 ወር ሆኖ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሲር ሲር ካለ ወይም መናገርና መጥባት ካቃተው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትደሩ። በሌሊትም ቢሆን አምጡት። ሐኪሙንም ሳይጠይቃችሁ «ቤት እያደስን ነው» በሉት፤ ያ አንድ ቃል ሕክምናችንን ይረዳል።

ያ ልጅ አሁን ደህና ነው። ቤታቸውም አምሯል አሉ። ካቢኔት ቢጫር ይጠገናል፤ ለመጠቅለል ላስቲክ ስትገዙ አስቀድማችሁ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ወስኑ።

ቤት እያደሰ ላለ ዘመድ ወይም ጎረቤት አጋሩት።