ቤቱ የእኛም ነው



እንደሚታወቀው በከተማችን በሱ ፎልስ መሐል ያለው ዋሽንግተን ፓቪሊየን ድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1992 (በፈረንጆች) ሌላ ቦታ ሲዛወር ያ ሁሉ ቀይ ድንጋይ አልፈረሰም፤ በ1999 የሙዚቃና የቴአትር ቤት ሆኖ ተከፈተ። የደቡብ ዳኮታ ሲምፎኒ የሚጫወተውም እዚያው ነው።

ታዲያ ከእኛ ስንቱ ገብቶ አየው? «ክራባት ላሰረ ሰው ነው» እያልን በደጁ እናልፋለን። ይኼ ስሕተት ነው። ቤቱ የከተማው ንብረት ነው፤ ምግብ ቤት በበላን ቁጥር ከምንከፍለው ቀረጥ አንዱ ከመቶ ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች ይውላል። ያበሻ ምግብ ቤቱም ቢሆን ይከፍላል እኮ!

በእኛ አስተያየት ማኅበሩ ለዘመን መለወጫ ትንሹን አዳራሽ ይጠይቅ፤ ክራርና እስክስታም እዚያ መድረክ ላይ ይውጣ። ኪራዩ ይከብዳል የሚል ካለ በስብሰባው ቀን ይናገር፤ እኛም ዋጋውን ጠይቀን እንቀርባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ