የጣሳዋ ዛፍ ምን ትመገባለች?

በዛሬው ዓምዳችን የምናወጋችሁ በየደጃፋችን በጣሳ፣ በሸክላና በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ስለምናሳድጋቸው ትናንሽ ዛፎች አመጋገብ ነው።

እናቴ ጎጆ ስወጣ ከዳንግላ አንዲት የወይራ ችግኝ በጣሳ ተክላ ሰጥታኝ ነበር። እንጅባራ ውስጥ ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው በተዛወርኩ ቁጥር ከዕቃዬ ጋር ይዣት ዞሬአለሁ። የራሳችን መሬት ለሌለን ሰዎች ጓሯችን ያቺው ጣሳ ናትና። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሏ ቢጫ ሲሆንብኝ «ርቧት ነው» አልኩና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ሥሯ ላይ አፈሰስኩባት። በሳምንቱ የቅጠሏ ጫፍ እሳት እንደላሰው ሆነ፤ ብዙም ሳትቆይ ደረቀች። ርቧት ነበር፤ የገደልኳት ግን በጥጋብ ነው።

ለመሆኑ ስህተቴ ምን ነበር? መሬት ላይ የተተከለ ዛፍ ምግብ ሲያጣ ሥሩን ሰዶ ይፈልጋል፤ ሲበዛበትም ሰፊው አፈር ይካፈልለታል። የጣሳ ዛፍ ግን ከእጃችን በቀር መሄጃ የላትም። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጂን ነው። በጥቂት አፈር ላይ ሲበዛ እንደ ጨው ሆኖ ሥሩ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ስለሆነም ደንቡ አንድ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ጥቂት፣ ግን ሳያቋርጡ መስጠት።

በዚህ ደንብ የተካኑት ጃፓኖች ናቸው። ቦንሳይ በሚሉት ሙያቸው ዛፍን በትንሽ ሸክላ ውስጥ ለዘመናት ያኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሸክላ የኖረ አንድ የፓይን ዛፍ፣ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው አቶሚክ ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተሰጥቷል። ጃፓኖች ለቦንሳይ ከሚሰጧቸው የተለመዱ ምግቦች አንዱ ደግሞ የጎመን ዘር ፋጉሎ ነው።

ፋጉሎ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎጃም ኑግ አብቃይ ነውና ከዘይት መጭመቂያ ይገኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ፋጉሎ በወር አንድ ጊዜ በጣሳው ዳር ዳር፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፤ ዶሮ እንዳይጭረው አፈር አልብሱትና ውሃ አጠጡ። ቀስ እያለ ስለሚበሰብስ ሥር አያቃጥልም። ፋጉሎ ካጣችሁ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይተካዋል። ትኩስ ፍግ ግን ያቃጥላል።

የአዊ ዝናብ ብርቱ መሆኑንም አትርሱ። ለረጅም ዘመን የወረደው ዝናብ የአፈሩን ካልሲየም አጥቦ ስለወሰደ ብዙው አፈራችን አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ለማሳው ኖራ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ለጣሳዋ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ቁንጥር የማገዶ አመድ ይበቃታል። ነገር ግን አመድና ዩሪያን አንድ ላይ አትስጡ፤ ናይትሮጂኑ ተንኖ ይጠፋልና። በሐምሌና በነሐሴ ጣሳዋን ከጣራ ክፈፍ ሥር አስጠጓት፤ አለዚያ ምግቧ በቀዳዳው ታጥቦ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እድገቷ ሲገታ ደግሞ ምግቡን ቀንሱላት።

ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን እንደኔ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የጣሳውን ቀዳዳ እዩ፤ ተደፍኖ ውሃ ካቆረ ችግሩ ረሃብ አይደለም። ቀዳዳው ደህና ሆኖ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ርቧታል። የቅጠሉ ጫፍ ከተቃጠለና በጣሳው ከንፈር ነጭ ቅርፊት ከታየ ጠግባለች፤ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱና በቀዳዳው ይውጣ። የደረቀችውን ዛፍ አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡ እንጂ አትመግቡ።

አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ፤ ዩሪያ በመልኩ ከስኳርና ከጨው ስለሚመሳሰል በስኳር ዕቃ አታስቀምጡት፤ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።

እናቴ የወይራዬን መሞት ስነግራት ሳቀችና «ልጅሽን በአንድ ቀን የወር እንጀራ ታበያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ችግኝም ሰጠችኝ። ይህችኛዋ እነሆ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የምትበላውም ከማንኪያ ጫፍ ነው።